መገጣጠሚያቸው ከመጠን በላይ ለሚተጣጠፍ ሰዎች፦ ከአንገት ጉዳት ማገገሚያ ዝርዝር መመሪያ

ከኋላ በመጣ መኪና የተገጨ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንገቱ ላይ ነው። አካሉ ከመቀመጫው ጋር ወደ ፊት ሲገፋ ጭንቅላቱ ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወዲያውም ወደ ፊት ይወረወራል፤ በዚህ መካከል የአንገት አጥንቶችን የሚያያይዙት ጅማቶችና ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ካቅማቸው በላይ ይሳባሉ። ሐኪሞች ይህን ጉዳት ዊፕላሽ ይሉታል። አብዛኛው ተጎጂ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጣቶቹ ወደ ኋላ የሚቀለበሱ፣ ክርኑና ጉልበቱ ከቀጥታው መስመር አልፎ የሚታጠፍ ሰው ግን ማገገሙ ሊዘገይበት ይችላል፤ ለሌላው ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክርም አንዳንድ ጊዜ እርሱን ይጎዳዋል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። መገጣጠሚያው የላላ ሰው አንገት ከጉዳት በኋላ የሚያስፈልገው መፍታታት ሳይሆን መርጋት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው። በመሆኑም ማሸት፣ መለጠጥና ማንቋቋት ወደ ጎን ተትተው፣ እጅግ ቀላል ከሆነ የጡንቻ ሥራ ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ሕይወት የሚመልስ አካሄድ ይቀርባል። መመሪያው ሐኪምን ወይም ፊዚዮቴራፒስትን አይተካም፤ እነርሱ የሚሰጡትን ሕክምና በቤት ውስጥ በትክክል ለመከታተል ግን ይረዳል።

አስቀድሞ አደገኛውን ጉዳት መለየት

ማንኛውም እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ስብራት፣ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም የደም ቧንቧ መቀደድ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። በ2001 እ.ኤ.አ. የካናዳ ሐኪሞች ያወጡትና ዛሬ በብዙ አገር ድንገተኛ ክፍሎች የሚሠራበት መመዘኛ፣ ሙሉ ንቃት ያለው ተጎጂ ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እጁ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ወይም አደጋው ከባድ ከነበረ፣ ለምሳሌ መኪናው ከተገለበጠ ወይም ሰውየው ከ1 ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ ከፍታ ከወደቀ፣ የአንገት ምስል እንዲነሳ ያዝዛል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ሁኔታው ቀላል ከሆነ ደግሞ አንገቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ 45 ዲግሪ ማዞር መቻሉ ይታያል።

እዚህ ላይ መገጣጠሚያው የላላ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። ከጉዳቱ በፊት አንገቱ ከሌላው ሰው እጅግ የበለጠ ይዞር የነበረ ሰው፣ ተጎድቶም 45 ዲግሪ ማዞር ሊችል ስለሚችል፣ «አንገቴ ይዞራል፤ ስለዚህ ደህና ነኝ» ብሎ በራሱ መደምደም የለበትም። ለሐኪሙም ስለ መገጣጠሚያዎቹ ሁኔታ መጀመሪያውኑ ይንገረው። ተራ ራጅ በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የጅማት ጉዳት ከተጠረጠረ ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል። «ራጁ ንጹሕ ነው» መባል ስብራት አልታየም ማለት እንጂ ጉዳት የለም ማለት አይደለም።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል፦ በእጅ ወይም በእግር ላይ የመጣ ድካም ወይም መደንዘዝ፤ በአካሄድ መንገዳገድ፤ ቁልፍ መቆለፍን ወይም ብዕር መያዝን የመሰለ ቀላል የእጅ ሥራ ማቃት፤ ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤ አንገት ወደ ፊት ሲጎነበስ በጀርባ በኩል ወደ ታች የሚወርድ ንዝረት። እንዲሁም ከአደጋው በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የጀመረ፣ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ዓይነት የአንድ ወገን የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ በተለይ ከዓይን ቆብ መውረድ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ከንግግር መኮላተፍ፣ ለመዋጥ ከመቸገር ወይም ከፊት መደንዘዝ ጋር ከመጣ፣ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ቧንቧ ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም። ኤህለርስ-ዳንሎስ (የሰውነትን ክፍሎች የሚያያይዘው ህብረ ሕዋስ በተፈጥሮው የሚደክምበት የዘር ሕመም) ካሉት ዓይነቶች የደም ቧንቧን የሚያሳሳው ያለበት ሰው ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ያለበት ሰው ካለ ጥርጣሬው ከፍ ሊል ይገባል።

አደጋው በደረሰበት ቦታ ሰዎች በቅንነት ተሯሩጠው ተጎጂውን አንስተው በአገኙት መኪና ወይም ባጃጅ ላይ መጫናቸው የተለመደ ነው። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ሌላ ነገር ከሌለ ግን ባለበት ሁኔታ ጭንቅላቱና አንገቱ ሳይነቃነቁ አምቡላንስ መጠበቁ ይሻላል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአሜሪካ በ911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ112፣ በእስራኤል በ101 ይጠራል።

መገጣጠሚያዎ ከመጠን በላይ መተጣጠፉን ማወቅ

ለዚህ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መለኪያ የቤይተን መለኪያ ሲሆን ከ9 ነጥብ ይታሰባል። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ ከታጠፈች፣ አውራ ጣት ተጎትቶ የክንድን ውስጠኛ ገጽ ከነካ፣ ክርን ከቀጥታው ከ10 ዲግሪ በላይ ካለፈ፣ ጉልበትም እንዲሁ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ለእያንዳንዱ በቀኝና በግራ አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ጉልበት ሳይታጠፍ ጎንበስ ብሎ ሙሉ መዳፍን መሬት ላይ ማሳረፍ ደግሞ 1 ነጥብ አለው። ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ በኋላ እስከ 50 ዓመት ላሉ ሰዎች 5 እና ከዚያ በላይ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ 4 እና ከዚያ በላይ፣ ለልጆች 6 እና ከዚያ በላይ አጠቃላይ ልቅነትን ያመለክታል። አንገትዎ ታሞ ሳለ ግን የመጨረሻውን ሙከራ አያድርጉት፤ ከዚህ በፊት ይችሉ እንደነበር ማስታወስ ብቻ ይበቃል። በልጅነትዎ ሰውነትዎን በማይታመን ሁኔታ እያጣጠፉ ጓደኞችዎን ያስቁ ነበር? ትከሻዎ ወይም የጉልበትዎ ሎሚ ከአንድ ጊዜ በላይ ወልቆ ያውቃል? እነዚህም ትርጉም ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

መተጣጠፍ በራሱ በሽታ አይደለም። በሴቶችና በልጆች ላይ ይበዛል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይቀንሳል። ከሕመም፣ ከተደጋጋሚ ውልቃትና ከድካም ጋር ሲመጣ ግን የመገጣጠሚያ ልቅነት ችግር ወይም ኤህለርስ-ዳንሎስ ሲንድሮም ሊሆን ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ 13 ዓይነት ኤህለርስ-ዳንሎስን ይለያል። በብዛት የሚታየው መገጣጠሚያን የሚያላላው ዓይነት እስካሁን በዘረመል ምርመራ የሚረጋገጥ አይደለም፤ ሐኪሙ በአካል ምርመራና በቤተሰብ ታሪክ ይለየዋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቤይተን መለኪያ አንገትን ጨርሶ አለመለካቱ ነው። ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነ ሰው አንገቱ ልቅ ሊሆን ይችላል።

አንገት ከጉዳት በኋላ የሚገታተረው ለምንድን ነው?

የአንገት አከርካሪ አጥንቶች 7 ናቸው። ጭንቅላትን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስናዞር የዙሩ ግማሽ ያህል የሚሆነው በላይኞቹ ሁለት አጥንቶች መካከል ነው። ይህ ሥፍራ ይህን ያህል መዞር እንዲችል አጥንቶቹ እርስ በርስ ጠብቀው አልተቆላለፉም፤ ሥርዓቱን የሚጠብቁት በዋናነት ጅማቶች ናቸው። ጠፍሩ የረገበ አልጋ ቋሚውና አግዳሚው ደህና ቢሆንም የተኛበትን ሰው አስተካክሎ እንደማይሸከም ሁሉ፣ ጅማቱ በተፈጥሮው የላላ አንገትም አጥንቱ ሳይሰበር ሸክሙን ማርጋት ሊያቅተው ይችላል። ሸክሙ ቀላል አይደለም፤ የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

ጅማት የጎደለውን የሚሞላው ጡንቻ ነው። ከጉሮሮ በስተኋላ፣ አጥንቱን ተጠግተው የሚገኙ ቀጫጭን ጥልቅ ጡንቻዎች አንገትን ከውስጥ ያረጋሉ፤ ከጭንቅላት ሥር በማጅራት በኩል ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ደግሞ ጭንቅላት የት እንዳለ ለአንጎል ያለማቋረጥ መልእክት ይልካሉ። ከጉዳት በኋላ እነዚህ ጥልቅ ጡንቻዎች ይዳከማሉ፤ ሥራቸውንም በአንገት ጎንና በትከሻ ላይ ያሉት ትላልቅ ጡንቻዎች ይረከባሉ። ትላልቆቹ የተፈጠሩት ጭንቅላትን ለማንቀሳቀስ እንጂ ቀኑን ሙሉ ለማርጋት ስላልሆነ ይደክማሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ያማሉ። ሰው «አንገቴ ደርቋል፤ ይፈታልኝ» የሚለው ይህን ጊዜ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ግትርነቱ ሰውነት የላላውን ለመጠበቅ ያቆመው ዘብ ነውና፣ በማሸትና በመለጠጥ ሲፈታ ለአንድ ሰዓት ያህል እፎይታ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንገቱ ድጋፉን አጥቶ ይውላል፣ ዘቡም ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል። በየቀኑ እየታሹ በየቀኑ የሚብስባቸው ሰዎች ምስጢር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ግትርነቱ በእውነት የሚለቀው ጥልቆቹ ጡንቻዎች ሥራቸውን መልሰው ሲረከቡ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት

አደገኛ ጉዳት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሙሉ በሙሉ መተኛት አይመከርም። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ያህል ጭንቅላትዎን በዝግታ፣ ሕመም እስከሚጀምርበት ሳይሆን ከዚያ በፊት እስካለው ልክ ብቻ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩ። ወደ ኋላ መቀልበስን ለጊዜው ይተዉት። በቀሪው ጊዜ ጭንቅላትዎ ድጋፍ ያግኝ፤ ከፍ ያለ ደገፍ ባለው ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሲደክምዎም ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ጋደም ማለት ጠቃሚ ነው።

የአንገት ድጋፍ ወይም ኮላር ያለ ማቋረጥ ለሳምንታት ሲታሰር ጡንቻን ስለሚያሳንፍ ለተራ ዊፕላሽ አይመከርም። መገጣጠሚያው የላላ ሰው ግን በረጅም ወይም ጎርባጣ መንገድ በመኪና ሲሄድ፣ ወይም ሕመሙ በተነሳበት ቀን ለአጭር ጊዜ እንዲያደርገው ሐኪሙ ሊፈቅድለት ይችላል። ለስንት ሰዓትና እስከ መቼ እንደሚደረግ ሲታዘዝልዎ ተለይቶ ይነገርዎ።

ከአልጋ ሲነሱ ጭንቅላትዎን ቀጥታ ወደ ላይ አያንሱ። ጉልበትዎን አጥፈው፣ ትከሻና ዳሌዎ አንድ ላይ ሆነው ወደ ጎን ይዙሩ፤ እግርዎን ከአልጋ አውርደው በእጅዎ እየገፉ ይቀመጡ። በደረት ተኝቶ ማደር አንገትን ሌሊቱን ሙሉ እስከ መጨረሻው አዙሮ ስለሚያቆየው መተው አለበት። ትራስ አንድ ይበቃል፤ በጎን ሲተኙ ከትከሻ እስከ ጆሮ ያለውን ክፍተት የሚሞላ፣ በጀርባ ሲተኙ አገጭን ወደ ደረት የማይገፋ ይሁን። ትንሽ ፎጣ ጠቅልሎ በትራሱ ልብስ ውስጥ ከአንገት ሥር ማድረግ ውድ ትራስ ከመግዛት ያልተናነሰ አገልግሎት ይሰጣል።

ለሕመም ፓራሲታሞል ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም ከሆነው ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ የጉበት ችግር ያለበት፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከዚህ ባነሰ መጠን ሐኪም ጠይቆ ይውሰድ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ላለበት ሰውና ለነፍሰ ጡር ጉዳት አላቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት መዋጥም ተገቢ አይደለም። ከአንገት ጉዳይ ትንሽ ወጣ ቢልም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአገራችን ለሽንት ቧንቧና ለሆድ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእርሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ጅማትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ኤህለርስ-ዳንሎስ ያለባቸውን ሰዎች በታላቁ የደም ቧንቧ መቀደድ ረገድ በስም ጠቅሷቸዋል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ስለ መገጣጠሚያዎ ይናገሩና ሌላ አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ።

በዚህ ወቅት ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች አሉ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገትን ማስጠምዘዝ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ከመታጠብ በኋላ ጭንቅላትን ይዞ ድንገት ማዞር፣ ራስን በራስ ማንቋቋት፣ በክብደት አንገትን ማስጎተት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በድንገት የሚደረግ የአንገት ጥምዘዛ አልፎ አልፎ የደም ቧንቧን ቀድዶ ለስትሮክ ሊዳርግ እንደሚችል ይታወቃል፤ ጅማቱ የላላ ሰው ይህን አደጋ የሚሸከምበት ምንም ምክንያት የለውም። ወጌሻን የሚያከብሩ ታላላቅ ዘመዶች ቅር ቢሰኙም፣ «ሐኪሜ አንገቴ እንዳይነካ አዝዟል» ብሎ በአክብሮት መመለስ ይቻላል። በሴቶች የውበት ሳሎን ፀጉር ሲታጠብም አንገትን ወደ ኋላ ቀልብሶ ገንዳ ላይ ማሳረፍ መቅረት አለበት፤ ወደ ፊት ጎንበስ ማለትም ለተጎዳ አንገት ስለሚከብድ፣ ለጥቂት ወራት ቆሞ በቤት መታጠቡ ይመረጣል።

የማርጋት ልምምድ፦ ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ልምምዱ በየቀኑ፣ በአጭር በአጭሩ ይሠራል። አንድ ነገር ሲጨምሩ ሌላውን አይጨምሩ፤ ሕመም ቢነሳ ምክንያቱን ማወቅ የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው። ልቅ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ጉዳቱን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በማግስቱ ስለሆነ የሚፈረደውም በማግስቱ ነው፦ ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሲሰጡት ከ2 ነጥብ በላይ ጨምሮ እስከሚቀጥለው ቀን ካልተመለሰ፣ ልምምዱን ሳያቋርጡ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ።

1. ትንሹ የራስ ንቅናቄ። በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ጭንቅላትዎን ከትራሱ ሳያነሱ «አዎ» እንደሚል ሰው አገጭዎን በጣም በትንሹ ወደ ጉሮሮዎ ያቅርቡ። ሁለት ጣትዎን በአንገትዎ ጎንና ፊት ላይ ያሳርፉ፤ ከጆሮ ሥር ወደ ደረት የሚወርደው ወፍራም ጡንቻ ለስላሳ እንደሆነ መቆየት አለበት። ከጠነከረ ኃይል አብዝተዋል ማለት ነው። ጥርስዎን ሳይነክሱ፣ ትንፋሽዎን ሳይዙ ለ5 ሰከንድ ያቆዩና ይልቀቁ። ከ5 ጊዜ ጀምረው ለ10 ሰከንድ 10 ጊዜ መያዝ እስኪችሉ ድረስ በሳምንታት ውስጥ ያድጉ። ይህ ልምምድ ምንም የማይሠራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል። የቀረው ሁሉ የሚቆመው ግን በእርሱ ላይ ነው፤ ሳይቸኩሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢሰጡት ይገባዋል።

2. ዓይንና ጭንቅላት። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በግድግዳ ላይ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ዓይንዎን ይትከሉ፤ ዓይንዎ ነጥቡን ሳይለቅ ጭንቅላትዎን በዝግታ ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩ። ቀጥሎ ጭንቅላትዎ ሳይነቃነቅ የአውራ ጣትዎን እንቅስቃሴ በዓይንዎ ብቻ ይከተሉ። ቀላል ማዞር ቢሰማ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ማዞሩ ከበረታ ወይም ማቅለሽለሽ ካለው ያቁሙና ሐኪምዎን ያማክሩ።

3. ጭንቅላት ያለበትን ማወቅ። ትንሽ የሌዘር መብራት በግንባርዎ መሐል ላይ በሻሽ ወይም በላስቲክ ያስሩ። ከግድግዳ 90 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይቀመጡ፤ ብርሃኑ ያረፈበትን ምልክት ያድርጉበት። ዓይንዎን ጨፍነው ጭንቅላትዎን ወደ አንድ ጎን ትንሽ አዙረው ወደ መነሻው ለመመለስ ይሞክሩ፤ ከዚያ ዓይንዎን ገልጠው ከምልክቱ ምን ያህል እንደራቁ ይዩ። በተደጋጋሚ ከ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ መሳት፣ ማለትም ከ4.5 ዲግሪ በላይ መሆኑ፣ የቦታ ስሜቱ መዳከሙን ያመለክታል። ልምምዱም ፈተናው ራሱ ነው፤ ዕለት ዕለት ሲደጋገም ስሕተቱ ይቀንሳል። ልቅ መገጣጠሚያ ያላቸው ሰዎች ይህ ስሜት ከጉዳቱ በፊትም ሊያንሳቸው ስለሚችል፣ ከሁሉም ልምምዶች ለእነርሱ የሚበጀው ይህ ይመስለኛል። ሌዘሩ ወደ ሰው ዓይን፣ በተለይም ወደ ልጆች እንዳይዞር ይጠንቀቁ።

4. ሳይንቀሳቀሱ መግፋት። መዳፍዎን በግንባርዎ ላይ አድርገው ጭንቅላትዎ ሳይነቃነቅ ከአቅምዎ አንድ አምስተኛ በማይበልጥ ኃይል ለ5 ሰከንድ ይገፋፉ፤ በጎንና በኋላም እንዲሁ ያድርጉ። ወደዚህ የሚያልፉት የመጀመሪያውን ልምምድ ያለ ሕመም መሥራት ሲችሉ ነው።

5. ትከሻና ወገብ። አንገት የሚቆመው በትከሻና በደረት ላይ በመሆኑ ከሥር ያለው ሳይጠነክር እርሱ አይጸናም። ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቀው ቆመው መዳፍዎን ግድግዳው ላይ አድርገው በዝግታ መግፋትና መመለስ፣ ቀጥሎም ቀጭን የላስቲክ ገመድ ወደ ራስ መሳብ ይበቃል። ክርንዎን እስከ መጨረሻው አይዘርጉት፤ ትንሽ እንደታጠፈ ይቆይ፤ ቆመው ሲሠሩም ጉልበትዎን ወደ ኋላ አይቆልፉት። ክብደት የሚጨመረው እጅግ በትንሹ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ከተሠራ በኋላ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንገት ወደ መጨረሻው ዳርቻ አይሄድም። አንገትዎ በተፈጥሮው ከሚዞረው ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ይጠቀሙ፤ የቀረውን ይተዉት። ይህ ልቅ ለሆነ ሰው ከባድ ተግሣጽ ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብቻ «ሠራሁ» የሚል ስሜት ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ በመስታወት ፊት መሥራት ይረዳል። የጡንቻ ጥንካሬ ለውጥ በግልጽ የሚታወቀው በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ ጊዜው አይደለም።

ቤት፣ ሥራና አምልኮ

ቀኑን ሙሉ አንገት የሚደፋበት ኑሮ የጠዋቱን ልምምድ ያጠፋዋል። ስልክን በክርን ድጋፍ ወደ ዓይን ከፍታ ማምጣት፣ ኮምፒዩተርን በመጻሕፍት ከፍ ማድረግ የታወቀ ነው። ባህላዊ የቤት ሥራችን ግን የራሱ ፈተና አለው፦ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና መቁላትና ማፍላት፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ በሳፋ ማጠብ። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ማድረግ፣ ምጣዱን በቁመት ልክ ማስቀመጥ፣ ሥራውን በ20 ደቂቃ እየከፈሉ ቀና ማለት ይቻላል። ጀሪካን ወይም ዘንቢል በአንድ እጅ ከመሸከም በሁለት እጅ አከፋፍሎ፣ አነስ አነስ አድርጎ መመላለስ ይሻላል። በአረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶች ጣሪያና መጋረጃ ለማጽዳት ሽቅብ እያዩ መሥራት ለዚህ አንገት ከሁሉ የከፋ መሆኑን ያስተውሉ፤ በተቻለ መጠን መሰላል ተጠቅመው ሥራውን በዓይን ከፍታ ያድርጉት፤ ሐኪም ያያቸውም ከሆነ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ።

ስግደትን በተመለከተ ብዙዎች ለመጠየቅ ያፍራሉ። በዐቢይ ጾም፣ በተለይም በሕማማት ሳምንትና በስቅለት ዕለት የሚደረገው ተደጋጋሚ ስግደት አንገትን በፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ላይ ያመላልሰዋል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን የምታደርገው ምሕረት ስላለ ለንስሐ አባትዎ ነግረው የሚፈቅዱልዎትን ያድርጉ። ሙስሊም ከሆኑም ሕመምተኛ ተቀምጦ፣ ሩኩዕንና ሱጁድን በምልክት እያደረገ መስገድ ይፈቀድለታል፤ በመጨረሻ ለተስሊም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞሩም ዙሩን ያሳጥሩት፣ ያዘግዩት።

በመኪና ውስጥ የራስ መደገፊያው ላይኛው ጫፍ ከጭንቅላትዎ አናት ጋር እኩል ይሁን፤ ከማጅራትዎም ያለው ክፍተት በተቻለ መጠን ይጥበብ። በሚኒባስ ታክሲ መደገፊያ የሌለውን የኋላ መቀመጫና መሐል ላይ የሚጨመረውን ቦታ ይተዉ። እራስዎ መንዳት የሚጀምሩት ትከሻዎን አሻግረው ያለ ሕመምና ያለ ማዞር ማየት፣ በድንገትም ፍሬን መርገጥ ሲችሉ ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት እየወሰዱ ግን አይንዱ። እስክስታ ደግሞ ከሁሉ በኋላ የሚመለስ ነገር ነው። ትከሻን ብቻ የሚያንቀጠቅጠውን አስቀድመው፣ ለአንድ ዘፈን ያህል ይሞክሩ፤ አንገትን የሚወረውረው ግን ፊዚዮቴራፒስትዎ ሳይስማማ አይመለስ።

አብሮ የሚመጣ ማዞርና ድካም

ሲነሱ የሚመጣ ማዞር ሁልጊዜ ከአንገት አይደለም። ልቅ መገጣጠሚያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ሲቆሙ የልብ ምት የሚፈጥንበት ሕመም በብዛት ይታያል። 5 ደቂቃ ተኝተው የልብ ምትዎን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ተነስተው እስከ 10 ደቂቃ ቆመው ደጋግመው ይቁጠሩ፤ የሚይዝዎ ሰው በአጠገብዎ ይኑር። በአዋቂ ላይ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ውኃ በበቂ መጠጣት ይረዳል፤ ጨው መጨመር ግን ለደም ግፊትና ለኩላሊት ሕመምተኛ ስለማይሆን በሐኪም ምክር ብቻ ይደረግ። በጾም ወቅት ያለ ውኃ መዋሉ ማዞሩን ሊያብሰው ስለሚችል ይህንንም አስቀድመው ይመካከሩበት።

ከባለሙያ ጋር መሥራት

ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚነግሩት መገጣጠሚያዎ ከልክ በላይ እንደሚተጣጠፍ፣ ቀድሞ የወለቀብዎት ካለ የትኛው እንደሆነ፣ በድንገት የሚደረግ የአንገት ጥምዘዛም እንዳይደረግብዎ እንደሚፈልጉ ነው። ስለ ቆዳዎ ስስነት ይናገሩ፤ ፕላስተርና ቴፕ ሊልጠው ይችላል። የማደንዘዣ መርፌ በአንዳንድ ኤህለርስ-ዳንሎስ ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደሌላው ስለማይሠራ፣ የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሳይዝዎ ቀርቶ ከሆነ እርሱንም ይጥቀሱ። በጥርስ ሕክምና ጊዜ ራሱ አፍ ከፍቶና አንገት ቀልብሶ መቆየት ስለሚጎዳ፣ ከአንገት ሥር ድጋፍ እንዲደረግና በየመሐሉ እረፍት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ፊዚዮቴራፒስት በቅርብ የማይገኝበት ቦታ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ ልምምዱን በትክክል ቢማርና በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ቢመለስ፣ በየሳምንቱ ከሚደረግ መታሸት የበለጠ ይጠቀማል።

በጭንቅላትና በአንገት መጋጠሚያ ላይ የሚደረግን ቀዶ ሕክምና የሚመለከት ብዙ ወሬ በኢንተርኔት አለ። በምስል ላይ የተለካ አንድ ቁጥር ብቻውን ለእንዲህ ያለው ከባድ ቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም። የህብለ ሰረሰር መጨቆን ምልክት በግልጽ ላለበት ሰው ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለቀረው ግን አጥንቶችን ማያያዝ መዞርን ለዘለቄታው የሚያሳጣ፣ ከሥሩ ባሉት መገጣጠሚያዎች ላይም ጫና የሚጨምር ስለሆነ፣ ለወራት በትክክል የተሠራ ልምምድ ሳይሞከርና የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት ሳይሰማ ሊወሰንበት አይገባም።

ሕመሙ ሲያገረሽ

ማገገሙ በቀጥታ መስመር አይሄድም። ያለ ግልጽ ምክንያት ወይም በጉንፋን፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በወር አበባ ሰሞን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ለዚያ ቀን የሚሆን ዕቅድ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፦ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ልምምዱን ወደ መጀመሪያው ትንሽ የራስ ንቅናቄ ብቻ መመለስ፣ ሙቅ ፎጣ በማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ ማድረግ፣ ሸክምና ረጅም ጉዞ መተው፣ ከዚያም ካቆሙበት ሳይሆን አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ መጀመር። ያገረሸው ሕመም ከበፊቱ በዓይነቱ የተለየ ከሆነ፣ ወይም በመጀመሪያው ክፍል ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ካለው፣ ዕቅዱ አይሠራም፤ በዚያው ቀን መመርመር ያስፈልጋል። ልምምዱ በትክክል እየተሠራ 3 ወር ካለፈና ምንም ለውጥ ከሌለም፣ ያንኑ ከመደጋገም ይልቅ የሠሩትን በየቀኑ የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው እንደ አዲስ ይመርመሩ።